ወደ ንግድ ግሩፓችሁ ጨረታ ስታስገቡ ከርክክቡ ጀምሩ

የእንጨትና የብረት ሥራ ባለሙያዎች የሚገበያዩበት የቴሌግራም ግሩፕ የምትመሩ ከሆነ «ዋጋ በውስጥ» የሚለው መልእክት ለእናንተ አዲስ አይደለም። አንድ አባል ያገለገለ ፕላነር ፎቶ ይለጥፋል። ሃያ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀዋል። ለአንዱ ከፍ፣ ለሌላው ዝቅ አድርጎ ይጠራል፤ በመጨረሻም ቀብድ ቀድሞ ለላከው ይሸጣል። የቀሩት ሰዎች ማሽኑ በስንት እንደሄደ አያውቁም፤ ሻጩም የተሻለ የሚከፍል ሰው ከኋላ ተሰልፎ እንደነበር አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳይ ማሽን ሲወጣ ሁሉም እንደ አዲስ ይገምታል።

የአባላት ጨረታ ይህን ጉድለት ይሞላል። ዋጋው ሁሉም እያየው ይወጣል፤ የተሸጠበት ብርም ለሚቀጥለው ሻጭና ገዢ መነሻ ሆኖ ይቀመጣል። ችግሩ ብዙ አድሚኖች ጨረታን ማሰብ የሚጀምሩት ከፊቱ መሆኑ ነው፦ ዋጋ በኮሜንት ይሰጥ ወይስ በቦት፣ ስንት ቀን ይቆይ፣ ማስታወቂያው ምን ይምሰል። ጨረታ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ነው። ያሸነፈው ሰው ስልኩን ይዘጋል፤ ሻጩ «ሌላ ሰው ጨምሮ ሰጠኝ» ይላል፤ ገዢው ማሽኑ ዘንድ ከደረሰ በኋላ «የተባለው ሞተር ይህ አይደለም» ብሎ ድርድር ይከፍታል። ስለዚህ ደንባችሁን ከመጨረሻው፣ ማለትም ከርክክቡ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እየመጣችሁ ጻፉ።

ካሸነፈ በኋላ

ባንኮች በጋዜጣ የሚያወጧቸውን የሐራጅ ማስታወቂያዎች ልብ ብላችሁ አንብቡ። ከቦታውና ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚበዛው ስለ ገንዘብ ነው፦ ተጫራቹ ብዙውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል፣ አሸናፊው ቀሪውን በተወሰኑ ቀናት ውስጥ፣ በአብዛኛው በ15 ቀን፣ ይከፍላል፣ ካልከፈለ ያስያዘው ይቀርበታል፣ ንብረቱም እንደገና ለጨረታ ይወጣል። እናንተ ሲፒኦ የምትጠይቁበት ምክንያት የለም፤ የአስተሳሰቡን ቅደም ተከተል ግን ውሰዱ።

ለግሩፕ የምመክረው አሠራር ይህ ነው። ጨረታው በተዘጋ በ24 ሰዓት ውስጥ አሸናፊው ከጨረታው ልጥፍ ሥር «አረጋግጫለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ያሸነፈበትን ዋጋ 10 በመቶም በቀጥታ ለሻጩ በቀብድ ይልካል። ከዚያ በ3 ቀን ውስጥ ማሽኑ ያለበት ቦታ ሄዶ ያየዋል፣ ቀሪውን ይከፍላል፣ ያነሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ድምፁ ካልተሰማ ሻጩ ለሁለተኛው ተጫራች፣ ተጫራቹ በሰጠው ዋጋ፣ የመስጠት መብት አለው፤ ግዴታ ግን የለበትም።

ቀብድን የመረጥኩት የሕግ ድጋፍ ስላለው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠው ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ደንብ ሁለቱንም ወገን እኩል ያስራል። «የተሻለ ሰጡኝ» የሚለው ሻጭ እጥፉን መመለሱን ካወቀ ቆም ብሎ ያስባል። ይህን ሐሳብ በደንባችሁ ውስጥ በግልጽ አስገቡት፤ ቀብድ የሚለውን ቃል ሁሉም ሰው ቢያውቀውም እጥፍ የመመለሱን ነገር የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ገንዘቡ በአድሚን እጅ እንዲያልፍ አትፍቀዱ። «በመካከል እኔ ልያዝ» ማለት መልካም ሐሳብ ይመስላል፤ ግን አድሚኑ ቢታመም፣ ስልኩ ቢጠለፍ፣ ወይም ከአንዱ ወገን ጋር ቢጣላ የግሩፑ ስም አብሮ ይወድቃል። ለሻጮችም አንድ ነገር ደጋግማችሁ ንገሩ፦ የከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ ለላከ ሰው ማሽን አይጫንም። በቴሌብርም ሆነ በባንክ የተላከ ገንዘብ መግባቱ የሚረጋገጠው ሻጩ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ቀሪውን ሲያይ ብቻ ነው። አስመስሎ የተሠራ አጭር መልእክትና ደረሰኝ የብዙ ሰው ንብረት ወስዷል።

ምን ለጨረታ ይወጣል

ሁሉም ነገር ለጨረታ አይሆንም። ከሱቅ የሚገዛ አዲስ ግራይንደር ዋጋው ይታወቃል፤ ለእሱ አምስት ቀን ማጫረት የሰውን ጊዜ መብላት ነው። ጨረታ የሚስማማው ዋጋው በእርግጠኝነት ለማይታወቅ ዕቃ ነው፦ ለዓመታት ለሠራ ሰርኩላር መጋዝ፣ ከተዘጋ ወርክሾፕ ለተነሳ ሙሉ የመሣሪያ ስብስብ፣ ከሥራ ለተረፈ ጣውላ ወይም ላሜራ፣ ዛሬ በገበያ ለማይገኝ የድሮ የብረት ቶርኖ።

ሁለተኛው መስፈርት ገዢው ቀድሞ ማየት መቻሉ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የኢትዮጵያ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ውድድር የኢንተርኔት ጨረታ አንደኛ የወጣው ቡና በአንድ ፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጧል። ገዢዎቹ በሌላ አገር ሆነው እንዲህ ያለ ዋጋ ለመስጠት የደፈሩት ቡናው አስቀድሞ በዳኞች ተቀምሶ ነጥብ ስለተሰጠውና ናሙናው ስለደረሳቸው ነው። ዕቃውን የማያውቅ ሰው ዋጋ ሲሰጥ ለሚፈራው ነገር ይቀንሳል፤ የሚጎዳው ደግሞ ሐቀኛው ሻጭ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨረታ ከመዘጋቱ በፊት ቢያንስ አንድ የማያ ቀን ይኑረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለአብዛኛው ባለሙያ ይመቻል።

የዕቃው ምንጭ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተሰረቀ ዕቃ ሕጋዊ ባለቤቱ ተከታትሎ ሊያስመልሰው ይችላል፤ በቅን ልቦና የገዛው አባላችሁ ገንዘቡን ፍለጋ ይንከራተታል። ለኢንቨስትመንት ማበረታቻ ተብሎ ከቀረጥ ነፃ የገባ ማሽን ደግሞ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ሻጩ የግዢ ደረሰኝ ወይም የጉምሩክ ሰነድ ካለው ፎቶውን ያያይዝ፤ ከሌለው ማሽኑን ከማን እንደገዛ በራሱ ስም ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ለጨረታ አይቀርብም። እዚህ ላይ ለማንም ልዩ አስተያየት አታድርጉ፤ ለግሩፑ መሥራችም ቢሆን።

መግለጫው

ለሻጩ ባዶ ገጽ አትስጡት፤ የሚሞላ ቅጽ ስጡት። ስለ ማሽን የሚጠየቁት ነገሮች ሁሌም አንድ ናቸው፤ ቀድመው ካልተመለሱ ግን የዋጋ ኮሜንቶቹ በጥያቄ ይጥለቀለቃሉ። እንዲህ ያለ ቅጽ ይበቃል፦

«ዕቃ፦ የእንጨት ፕላነር። ሥሪትና ሞዴል፦ ሰሌዳው ላይ እንዳለው፣ ከፎቶ ጋር። ሞተር፦ ትሪ ፌዝ። ያለበት ሁኔታ፦ ይሠራል፤ ቢላዎቹ መሳል ይፈልጋሉ፤ የኋላ ሮለሩ ይንሸራተታል። ቪዲዮ፦ እንጨት እየላገ፣ ከመነሳት እስከ መቆም። ቦታ፦ ኮልፌ፣ ምድር ቤት፤ ለማውጣት አራት ሰው ይፈልጋል። ማስጫኛ፦ የገዢ። የማያ ቀን፦ ቅዳሜ ከ8፡00 እስከ 11፡00። መነሻ ዋጋ፦ 60,000 ብር። ጭማሪ፦ 2,000 ብር። የሚዘጋው፦ ሰኞ ከምሽቱ 3፡00።»

ሞተሩ ሲንግል ፌዝ ይሁን ትሪ ፌዝ ሳይጻፍ የሚወጣ ማስታወቂያ አትቀበሉ። ትሪ ፌዝ መስመር የሌለው አነስተኛ ወርክሾፕ ያሸነፈውን ማሽን ማስነሳት አይችልም፤ ሌላ ሞተር መግዛት ወይም መስመር ማስገባት ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ቪዲዮው ማሽኑ በባዶ ሲሽከረከር ሳይሆን ሥራ እየሠራ የሚያሳይ መሆን አለበት፤ የተበላ ኩሽኔት ድምፅ የሚለየው ያን ጊዜ ነው። የማስጫኛና የማውረጃ ወጪ የማን እንደሆነ አለመጻፉም በር ላይ ጠብ ይፈጥራል፤ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ የአካባቢው ጫኝና አውራጅ የሚጠይቀው ብር ከተጠበቀው በላይ ሲሆን።

ጉድለቱን የጻፈ ሻጭ ይጠበቃል፤ የተጻፈ ጉድለት ለድጋሚ ድርድር ምክንያት አይሆንም። ያልተጻፈ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ግን ገዢው ቀብዱን ተቀብሎ መተው ይችላል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በደንባችሁ ውስጥ ካለ ሻጮች ራሳቸው ዝርዝር መጻፍ ይጀምራሉ።

መነሻ ዋጋና ጭማሪ

አንዳንድ ሻጮች በአደባባይ ዝቅተኛ መነሻ አስቀምጠው በልባቸው ግን ሌላ፣ ከፍ ያለ የማይሸጡበት ወለል ይይዛሉ። በትልልቅ የኢንተርኔት ጨረታዎች ይህ የተለመደ ነው። ሰዎች በስም በሚተዋወቁበት ግሩፕ ውስጥ ግን አልደግፈውም። አምስት ቀን ሙሉ የተጫረተ ሰው በመጨረሻ «ዋጋው አልደረሰም» ሲባል የተታለለ መስሎ ይሰማዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። ሻጩ የምር የሚሸጥበትን ዝቅተኛ ዋጋ መነሻ ያድርግ። መነሻውን የነካ አንድ ሰው ብቻ ቢገኝ እንኳ ዕቃው ተሸጠ።

መነሻው ግን ከሚጠበቀው ዋጋ አጠገብ መሆን የለበትም። ዝቅ ያለ መነሻ ሰው ይሰበስባል፤ የተሰበሰበ ሰው ነው ዋጋውን የሚያወጣው። ጭማሪውን ደግሞ ቀድማችሁ ወስኑ፤ አለበለዚያ አንዱ 50 ብር እየጨመረ ሌላውን ያሰለቻል። ለምሳሌ እስከ 10,000 ብር ለሚያወጣ ዕቃ 250፣ እስከ 50,000 ለሚያወጣ 1,000፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2,000 ብር ብትሉ ይሠራል። ቁጥሩን እንደ ገበያው ቀይሩት፤ በአንድ ጨረታ መካከል ግን አትንኩት።

ሰዓቱ

በጨረታ ከምንም ነገር በላይ ጠብ የሚያስነሳው ሰዓት ነው። «3፡00 ላይ ይዘጋል» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱ የጠዋቱን፣ ሌላው የማታውን፣ ስልኩ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚሠራው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሊረዳ ይችላል። ሁልጊዜ ሙሉውን ጻፉ፦ «ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00፣ ስልካችሁ 21፡00 ሲል»። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ። ከዱባይ ወይም ከሻርጃ ያገለገለ ማሽን የሚልክ አባል ካላችሁ የእሱ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ «የአዲስ አበባ ሰዓት» የሚለው በደንቡ ላይ ይቀመጥ።

ከሰዓት ጋር ከሚመጡ ችግሮች ሁሉ ትልቁ የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት። መዝጊያው ቁርጥ ያለ ከሆነ ብልጡ ሰው አምስት ቀን ዝም ብሎ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ዋጋ ይሰጥና ሌላው መልስ ሳይሰጥ ይዘጋል። ይህን ያጠኑ አሉ። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ኢቤይንና በዚያን ጊዜ ጨረታ ያካሂድ የነበረውን አማዞንን አነጻጽረዋል። ኢቤይ በተቆረጠ ሰዓት ይዘጋ ነበር፤ አማዞን ግን በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ ከተሰጠ ያራዝም ነበር። የመጨረሻ ሰዓት ሽሚያ በኢቤይ ላይ በዝቶ ታየ፤ በአማዞን ላይ አነስተኛ ነበር።

እናንተም አራዝሙ። በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ ከተሰጠ ጨረታው ከዚያ ዋጋ በኋላ 10 ደቂቃ ክፍት ይቆያል፤ እንዲህ እያለ 10 ደቂቃ ሙሉ ዝም እስኪባል ይቀጥላል። በእኛ አገር ይህ ደንብ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ ኔትወርኩ ለሦስት ደቂቃ የተቋረጠበት ሰው ከውድድር አይወጣም። ለረዥም መቋረጥ የተለየ ደንብ ያስፈልጋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው ለወራት ቆይተዋል፤ ስለዚህ «በመዝጊያው ቀን አገልግሎቱ ለብዙ አባላት ካልሠራ ጨረታው ይሰረዛል፤ በሌላ ቀን ከመነሻው ይጀመራል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። የተሰጠው ዋጋ እንዳለ ይቀጥል ማለት ያኔ መግባት ያልቻለውን ሰው ይበድላል።

ቴሌግራሙን ማዘጋጀት

ጨረታውን ከዋናው ወሬ ለዩት። አድሚኖች ብቻ የሚለጥፉበት ቻናል ክፈቱ፤ ከውይይት ግሩፕ ጋር አገናኙት፤ ዋጋ የሚሰጠው በልጥፉ ኮሜንት ሥር ብቻ ይሁን። ኮሜንቱ ቁጥር ብቻ ይያዝ፦ «64,000»። ጥያቄ ካለ በማያ ቀን ወይም ለሻጩ በስልክ። በውስጥ መስመር ለአድሚን የተላከ ዋጋ አይቆጠርም። «ለእኔ አስገባልኝ» የሚል ወዳጅ ይመጣል፤ አትቀበሉ።

መልእክት ማስተካከልና መሰረዝ መቻሉን አስቡበት። ቴሌግራም ላይ ተጠቃሚው የጻፈውን ማስተካከል ይችላል፤ የተስተካከለ መሆኑም ምልክት ይታያል። የራሱን መልእክት ለሁሉም ሰው ማጥፋትም ይችላል። ደንቡ «የተስተካከለ ዋጋ ውድቅ ነው፤ የጠፋ ዋጋ ግን ሰጪውን ያስራል» ይበል። አድሚኖች በግሩፑ የቅርብ ክንውኖች መዝገብ ውስጥ ባለፉት 48 ሰዓታት የተሰረዙትንና የተስተካከሉትን ማየት ይችላሉ፤ ስለዚህ ጨረታው እንደተዘጋ የመዝገቡን ምስል አንሱና አስቀምጡ። መዝገቡ ከ48 ሰዓት በኋላ ይጠፋል።

በቻናል ስም ኮሜንት መስጠትንም ከልክሉ፤ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ተጫራች አይኑር። መልእክት የሚያዘገየውን ቅንብር በመዝጊያው ምሽት አጥፉት፤ ካልሆነ አንድ ሰው መልስ ለመስጠት ይጠብቅና ይቀደማል። ቦት አስፈላጊ የሚሆነው በሳምንት ብዙ ጨረታ ሲኖራችሁ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አንድ ንቁ አድሚን ይበቃል።

ማን ይጫረታል፣ ማን አይጫረትም

አዲስ አባል ወዲያው አይጫረት። ቀላሉ መንገድ ዋስ ነው፦ በግሩፑ ውስጥ የሚታወቅ አንድ አባል «አውቀዋለሁ» ብሎ በስሙ ይጻፍለት። ዋሱ ገንዘብ አይከፍልም፤ የዋሰው ሰው አሸንፎ ከጠፋ ግን ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ሰው መዋስ አይችልም። በሙያ ሰፈር ውስጥ ስም ማለት ብዙ ነገር ነው፤ ይህ ከማንኛውም ቅጣት የተሻለ ይሠራል።

የማይጫረቱት ዝርዝር ግን ግልጽ ይሁን። ሻጩ፣ የቤተሰቡ አባላት፣ የሥራ ሸሪኩና ሠራተኞቹ በሻጩ ዕቃ ላይ ዋጋ አይሰጡም። ዋጋ ለማስወጣት ብቻ የሚገባ የሻጩ ሰው ጨረታን የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው፤ አባላት ሳያረጋግጡም ይጠረጥራሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይርቃሉ። ከተደረሰበት ጨረታው ይሰረዝ፣ ምክንያቱም በይፋ ይጻፍ። ጨረታውን የሚያስተዳድረው አድሚንም በዚያ ዕቃ ላይ አይጫረት፤ መግዛት ከፈለገ ከመለጠፉ በፊት ተናግሮ ሌላ አድሚን ያስተዳድረው።

ከዚሁ ጋር የአገልግሎት ክፍያ ጉዳይ አለ። መጀመሪያ ላይ አትጠይቁ። በኋላ ወጪ ለመሸፈን ከጠየቃችሁ ለእያንዳንዱ ጨረታ ቁርጥ ያለ ትንሽ ብር ይሁን እንጂ ከሽያጩ በመቶኛ አይሁን። በመቶኛ የሚያገኝ አድሚን ዋጋው እንዲንር የሚፈልግ ሰው ይሆናል፤ ገዢዎችም ያንን ያውቃሉ። ክፍያው መደበኛ ገቢ ከሆነ ስለ ንግድ ፈቃድና ግብር የሒሳብ ባለሙያ አማክሩ።

አለመግባባት ሲነሳ

ሦስት ሽማግሌዎች አስቀድማችሁ ሰይሙ፤ ቢያንስ አንዱ ማሽን የሚያውቅ መካኒክ ይሁን። ተከራካሪዎቹን በሁለት ቀን ውስጥ ሰምተው በጽሑፍ ይወስናሉ፤ ውሳኔው ከጨረታው ልጥፍ ሥር ይለጠፋል። ፍርድ ቤት የመሄድ መብታቸውን ግሩፑ አይነካም። ነገሩ እዚያ ቢደርስ ኮሜንቶቹ ዋጋ አላቸው፦ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። ስለዚህ ያለቀ ጨረታን ልጥፍና ኮሜንቶች አታጥፉ።

ደንቡን ከአንድ የስልክ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ አዘጋጁና በቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጉት። የመጀመሪያውን ጨረታ በምትተማመኑበት ሻጭ፣ በመካከለኛ ዋጋ ባለ ዕቃ ጀምሩ። መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይውጣ፤ ርክክቡ ተፈጽሞ ሻጩና ገዢው ሁለቱም «ተጠናቋል» ብለው ሳይጽፉ ሁለተኛው አይለጠፍ።

እያንዳንዱ ጨረታ ሲጠናቀቅ ለውጤት ብቻ በተለየ ቦታ አንድ መስመር መዝግቡ፦ ዕቃው፣ ሞዴሉ፣ ያለበት ሁኔታ፣ መነሻው፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የተጫራቾች ብዛት፣ ቀኑ። ያልተሸጠውም ከነመነሻው ይመዝገብ፤ በዚያ ዋጋ ፈላጊ አለመኖሩም ለሚቀጥለው ሻጭ መረጃ ነው።